ካርታው ላይ የሌለው ኤላ

ቆቦ መሬት ቢሮ ውስጥ አንድ ወጣት ባለሙያ የድሮ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። የግጦሽ መሬታችን ለእርሻ ሊከፋፈል ነው ስለተባለ፣ የከብት ውሃ እንዳለበት ላስረዳ ነበር የመጣሁት። ካርታው አቧራ አቧራ ይሸታል። ሽታው ካርታ ሠሪዎቹ ወደ እኛ ሜዳ የመጡበትን ቀን አስታወሰኝ።

ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተከሉና አያቴን "አባት፣ ከብቶቻችሁን የት ነው የምታጠጡት?" አሏቸው።

ኤላ የምንለው የውሃ ጉድጓዳችን ከቁጥቋጦው ጀርባ ነው፤ ከቆምንበት መቶ እርምጃ አይርቅም። ልናገር አፌን ስከፍት አያቴ እጄን ጨመቅ አደረጉት። በከዘራቸው የዞብልን ተራራ ግርጌ እያመለከቱ "እዚያ ማዶ ነው" አሉ። ሰዎቹም ጻፉ። ከዚያ አያቴ ከዚያው ከኤላችን የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ በቅል አጠጥተው፣ መርቀው ሸኟቸው።

"አባባ፣ ለምን ዋሿቸው?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እንግዳን ውሃ ያጠጡታል እንጂ ውሃውን አያሳዩትም። ዛሬ ያየ ነገ ከብቱን ነድቶ ይመጣል።"

አሁን ግን ቢሮው ውስጥ "እናቴ፣ እናንተ ጋ ውሃ የለም" አለኝ ባለሙያው፣ ካርታው ላይ ዞብል ግርጌ ያለችውን ሰማያዊ ነጥብ እየነካ። "ውሃው እዚህ ነው ያለው።"

እዚያ ድንጋይ እንጂ ውሃ ኖሮ አያውቅም!

"አለ ካሉ እስቲ ቦታውን ያሳዩኝ" ብሎ እስክሪብቶውን ሰጠኝ።

ተቀበልኩት። አያቴ እጄን ጨመቅ ያደረጉት መሰለኝ።