የኤሞሪ ትከሻ

አርዲስ በትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ስትሠራ ነው የኖረችው። ልጆቹ የማይወዱትን ባቄላ በጭልፋ እየጨለፈች፣ "ብላ፣ የኔ ጌታ" ትላቸዋለች። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ቦት ጫማዋን ወልውላ ከባሏ ከኤሞሪ ጋር ከጥጥ ማሳው ማዶ ወዳለው የኦፓል መጠጥ ቤት ትሄድ ነበር። ኤሞሪ ወንድሜ ነው።

እሱን ከቀበርን በኋላ አንድ ቅዳሜ ብቻዋን መጣች። ቫዮሊኑ ዋልትስ የሚባለውን የጥንዶች ዳንስ ዜማ ሲጀምር ተነሳች፤ ግራ እጇን ሰው ትከሻ ላይ ያሳረፈች፣ ቀኝ እጇንም ሰው የያዘላት ይመስል ከፍ አድርጋ መደነስ ያዘች። ማንም አልሳቀም። ጥንዶቹ በአጠገቧ ሲያልፉ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ ይተዉላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንዲሁ ሆነ።

ሆሊስ የሚባል የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ይወዳታል። አብራው እንድትደንስ ቢለምናት፣ ባሌን ጠይቅ አለችው። ያሾፈችበት መስሎት ወደ ቢራው ተመለሰ። ኦፓል ቤት ደንቡ የታወቀ ነው፤ ከሰው ጋር የምትደንስ ሴት የፈለገ የወንዱን ትከሻ ነካ ያደርጋል፣ ሰውየውም ዘፈኑ እስኪያልቅ ለቆለት ሄዶ ይቀመጣል። እምቢ ማለት ነውር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ኦፓል የሆሊስን ቢራ እያስቀመጠችለት፣ "ዛሬም ወንበር ልታሞቅልኝ ነው?" አለችው።

ሆሊስ ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ። አርዲስ ወደምትደንስበት ሄደና ከፊቷ ባለው ባዶ ስፍራ፣ የወንድሜ ትከሻ ይሆን በነበረበት ከፍታ ላይ፣ እጁን ዘረጋ።

"ኤሞሪ፣ በፈቃድህ" አለ።

እጁ አልወረደም። አንድ ነገር ላይ እንዳረፈ ሁሉ እዚያው ቀረ፤ ጣቶቹም በጥቂቱ ታጠፉ። ፊቱ አመድ መሰለ። በኋላ እንደነገረኝ፣ የነካው ጨርቅ ነበር፤ ሞቅ ያለ ጨርቅ። ቫዮሊን ተጫዋቹም አይቶ ኖሮ የቫዮሊኑ ድምፅ ለአፍታ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አላቆመም።

የአርዲስ ክንዶች ቀስ ብለው ወረዱ።

"ለቀቀኝ" አለች።

"ካልፈለግሽ ልመለስ" አላት ሆሊስ።

አርዲስ ባዶውን ቦታ ጥቂት አየችና እጇን ሰጠችው። እየዞሩ ሄዱ፤ እንደ ማንኛውም ጥንድ።

እኔ ግድግዳው ጥግ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። ዳንሱን ለሌላ የለቀቀ ሰው ዘመዶቹ ወዳሉበት መጥቶ ነው የሚቀመጠው። ቦርሳዬን ከጎኔ ካለው ወንበር ላይ አነሳሁለት።