መርዶ ነጋሪዎቹ

አሰብ በነበርንበት ዘመን፣ ከደጋ የመጣን ሰዎች እናት አባታችን፣ እህት ወንድማችን ሁሉ ሩቅ ነበሩ። ከወደቡና ከነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች የተውጣጣው የእርዳታ ማኅበራችን የተቋቋመውም ለዚሁ ነው፤ ሆስፒታል የተኛ ጠያቂ፣ የሞተም ቀባሪ እንዳያጣ። እኔ የገባሁት ባለቤቴ ጉምሩክ ሲውል ቤት ተቀምጬ ከሙቀቱ ጋር መጣላት ስለሰለቸኝ ነበር። ሥራው ግን እንደጠበቅሁት ሾርባ ማመላለስ ብቻ አልሆነም። ከሁሉ የሚከብደው መርዶ ነበር።

አገር ቤት ሰው ሲሞት ወሬውን ይዘው የሚመጡት የከባድ መኪና ሹፌሮች ናቸው። ለሟች ዘመድ እንዲያው በድንገት መንገር ነውር ስለሆነ ወደ እኛ ይመጣሉ። እኛም ወሬውን አፍነን እናድርና፣ ሲነጋጋ ነጠላ አዘቅዝቀን ሄደን እናረዳለን። "መርዶ የሚነገረው ዘመድ በተሰበሰበበት ነው፤ እዚህ ዘመዱ እኛ ነን" ይሉ ነበር ሊቀመንበራችን፣ ወደቡ ላይ የጫኝና አውራጅ ካቦ የነበሩ ሽማግሌ።

አንድ ቀን ከደሴ የመጣ ሹፌር የአንድ ወጣት የማጣሪያ ሠራተኛ እናት ማረፋቸውን ነገረን። ልጁን አውቀዋለሁ፤ የባለቤቴ የአገር ልጅ ነው። መርዶው ለማግስቱ ማለዳ ተቀጠረ። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ራት ጠርቼ እንዳበላው ታዘዝኩ፤ መርዶ የሚሰማ ሰው ሆዱ ባዶ መሆን የለበትምና።

መጣ። እየበላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል እናቱን ሊያመጣ ማሰቡን አጫወተን።

"ባሕር አይታ አታውቅም። ውሃው ጨው ነው ስላት ትዋሻለህ ትለኛለች። እጇን ነክሬ አቀምሳታለሁ" አለና ሳቀ።

ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። እኔም "ብላ፣ ጨምር" እያልኩ እንጀራ ደረብኩለት።

"ምን ነክቶሻል እትዬ? እንደ ሠንጋ ልታደልቢኝ ነው?" አለኝ።

በሙቀቱ ወራት አሰብ ውስጥ ጣራ ሥር የሚተኛ የለም፤ ሁሉም አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚያድረው። ልጁ በተከራየበት ግቢም የተከራዮቹ አልጋ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ይህን ማናችንም አላሰብንበትም። በዚያ ሙቀት ነጠላ ደርቦ በማለዳ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ደግሞ የማያውቅ አልነበረም። በማግስቱ ማለዳ በሩን ገፋ አድርገን ስንገባ ሁሉም ከየአልጋው ቀና ቀና አለ። ሁሉም ሩቅ አገር የተወው ሰው አለው። ዓይናቸው "እኔን አይሁን" እያለ ይለምነን ነበር።

መሐላቸው በልብስ አጠባ የምትተዳደር ሴት ነበረች፤ ደጋ የታመመች እህት አለቻት። አፋችንን ሳንከፍት "እህቴን! እህቴን!" ብላ ደረቷን እየመታች መሬት ወደቀች።

ከሁሉ ቀድሞ የደረሰላት ያው ልጅ ነበር። በሽርጡ እንዳለ ዘሎ ተነሥቶ አቅፎ ቀና አደረጋት። "አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ" ይላታል፣ እጇን ይዞ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

"ቁጭ በሉ እንጂ እትዬ። ቆይ፣ ውሃ ላምጣላት" አለኝ።

ምነው ይህን ማኅበር ባልገባሁ አልኩ።

ሊቀመንበሩ ትከሻውን ያዙት። "ልጄ፣ ውሃውን ተወው። የመጣነው ወደ እሷ አይደለም። አንተ ቁጭ በል።"

ሴትዮዋ ከእሱ ቀድሞ ገባት። "ተመስገን!" አለች ሳታስበው፤ ወዲያው በነፃ እጇ አፏን ያዘች። ብዙ ክፉ ቃል ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ የከበደኝ የለም። ልፈርድባት ግን አልቻልኩም፤ ግቢው ሁሉ በልቡ ያንኑ ብሏል።

እሱ አንድ በአንድ አየንና ቀስ ብሎ መሬት ተቀመጠ።

"እናቴ ናት?"

የሴትዮዋን እጅ አሁንም አልለቀቀም ነበር። እሷም አጥብቃ ያዘችውና፣ ለእህቷ የጀመረችውን ለቅሶ ለእናቱ ቀጠለች።