የሦስተኛው ዘፈን ድራም መቺ ፍለጋ፦ ከአያት እስከ ላምበረት

ከጠዋቱ 12፡10፣ አያት

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ የታክሲው ሰልፍ ግን ከወዲሁ ረዝሟል። ደግነቱ ጋቢና ደረሰኝ። ሹፌሩ በጠዋት ወዴት ነሽ ሲለኝ አንድ ድራም መቺ ፍለጋ አልኩት። ሠርግ የደገስኩ መስሎት ወንድሙ ኪቦርድ እንደሚጫወት ነገረኝ።

የሠርግ ነገር አይደለም። ባለፈው ዓመት የስምንት የአዲስ አበባ ባንዶችን ሥራ በአንድ ስብስብ አልበም አሳትሜ ነበር። ፖስት ፐንክ ይሉታል፤ ቤዙ ፊት ፊት የሚሄድበት፣ ጊታሩ የሚጎረብጥ፣ ሙከራ የበዛበት ሙዚቃ ነው። እዚህ ብዙ ሰሚ የለውም፤ ሸክላው ግን ውጭ አገር ተሸጠ። ጀርባው ላይ "የእያንዳንዱ ዘፈን ገቢ ለተጫወቱት ሁሉ እኩል ይከፋፈላል" ብዬ ያጻፍኩት ራሴ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ክፍያውን አዳርሼ ደረቴን ነፍቼ ሳለ፣ በሦስተኛው ዘፈን ቤዝ የተጫወተችው ሰላም ደወለች።

"ለጀማልስ ስንት ደረሰው?"

ጀማል የሚባል ሰው አላውቅም ነበር። ለካ በዘፈኑ ላይ ድራም የመታው እሱ ነው። ስሙ ሽፋኑ ላይ የለም፤ ሳንቲም አልደረሰውም። ሰላም ከደረሳት ላይ የድርሻውን ከፊል እንደምታስቀምጥለት ነገረችኝ።

1፡40፣ ሩዋንዳ

የሦስተኛው ዘፈን ጊታር ተጫዋች ሮቤል ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር በአንድ የእንግዳ ማረፊያ እንግዳ ተቀባይ ነው። ፈረቃው እስኪደርስ ጎን ካለች ቁርስ ቤት ገብተን ፉል አዘዝን። ቃሪያው የሚያቃጥል፣ ዳቦው ትኩስ ነው።

ጀማልን ሳነሳበት ፊቱ አልተለወጠም። በቀረጻው ዕለት የቀኑን እንደከፈለው፣ ልጁም ተቀብሎ አመስግኖ እንደሄደ ነገረኝ። ለእኔም የሁለት ሰው ስም ብቻ የላከልኝ ለዚሁ ነው። "ለአንድ ቀን ነው ያመጣሁት፤ የባንዱ አባል አይደለም" አለ።

ሮቤል ክፉ ሰው አይደለም። ደሞዙ ከቤት ኪራዩ ብዙም እንደማይተርፍ አውቃለሁ። ደግሞስ እኔ ራሴ ዘፈኑን መቶ ጊዜ ስሰማ፣ ማን ነው ይህን የመታው ብዬ መቼ ጠየቅሁ? ክርክሩን ትቼ ከሮቤል በኩል የጎደለውን ከራሴ ልሸፍን ወሰንኩና የጀማልን አድራሻ ጠየቅሁት። ወሎ ሰፈር የመኪና ዕቃ የሚሸጥ አጎት አለው አለኝ።

3፡15፣ ወሎ ሰፈር

በእግሬ ሄድኩ። ከጋራዦቹ የዘይት ሽታ ይመጣል፤ የታክሲ ረዳቶች ከመንገዱ ዳር ይጣራሉ። የጀማል አጎት ሐጂ ሰይድ በፍሬን ሸራ ካርቶኖች መካከል ተቀምጠዋል። የመጣሁበትን ስነግራቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ ዕዳ አለበት?"

"የለበትም ሐጂ። ያለብን እኛ ነን።"

በደንብ ያመኑኝ አልመሰለኝም፤ ቢሆንም በርጩማ ሳብ አድርገው አስቀመጡኝ። ጀማል ከኮምቦልቻ እንደመጣ እዚሁ ሱቅ ያድር እንደነበር፣ በባዶ ጀሪካን ላይ እየደበደበ ደንበኛ ያስቸግራቸው እንደነበር፣ ካገባ ወዲህ ግን ሙዚቃውን እርግፍ አድርጎ እንደተወ አጫወቱኝ። ዛሬ ላምበረት መናኸሪያ የደሴ መስመር ትኬት ይቆርጣል። ስልኩንም ሰጡኝ።

5፡50፣ ላምበረት

መናኸሪያው ጋብ ብሏል። የጠዋት አውቶቡሶች ሄደዋል፤ ነገ የሚጓዙ ሰዎች ትኬት ይገዛሉ። ጀማል ከመስኮቱ ኋላ ቀጭን፣ ጺሙን ያሳደገ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ወረፋው ሲያልቅ ወጥቶ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ማንነቴን ነግሬው ማዳመጫ ሰጠሁት። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

"አስራ አምስት ደቂቃ ነው የተለማመድነው" አለ። "እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም።"

ስሙን በመዝለሌ ይቅርታ ጠየቅሁት። ድርሻው ስንት እንደሆነ ስነግረው ገንዘቡ ከማን እንደሚመጣ ጠየቀኝ። ከፊሉን ሰላም ከደረሳት ላይ እንዳስቀመጠችለት፣ ቀሪውን እኔ እንደምሞላ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

"የሰላምን እወስዳለሁ። ያንቺን አልወስድም። አንቺ ምን ተጫወትሽ?"

የሮቤልን ነገር አነሳሁበት። ጀማል የቀኑን ክፍያ ከእሱ እንደተቀበለ አልካደም፤ ደግ ሰው ነው ሲልም አከለ። "እሱ የከፈለኝ ለቀኑ ነው። ዘፈኑ ግን ከዚያ ቀን በኋላም ሲሸጥ ነበር።"

ጠዋት ፉል ቤት ውስጥ መባል የነበረበት ይህ ነበር፤ እኔ በራሴ ገንዘብ ልሸሸው ነበር። ወዲያው ለሮቤል ደወልኩና ጀማል ያለውን ቃል በቃል ነገርኩት።

"አጠገብሽ ነው? ስጪኝ" አለ ሮቤል።

ስልኩን ሰጠሁት። ጀማል ረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ አንዴ ሁለቴ እሺ አለ፤ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩንም ተናገረ። ሮቤል ሌላም ነገር ጠይቆት ኖሮ ፈገግ አለ።

"እሁድ እመጣለሁ። ግን ከመጫወታችን በፊት እንነጋገር፣ ወንድሜ።"

ከመሄዴ በፊት ስሙ እንዴት እንዲጻፍለት እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ማስታወሻዬ ላይ ራሱ ጻፈው፤ ከአባቱ ስም ጋር።

8፡30፣ አያት

ቤት ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ኮምፒውተሬን ከፍቼ የአልበሙን ገጽ አወጣሁ። ከሦስተኛው ዘፈን ሥር፣ ከሁለቱ ስሞች ቀጥሎ ጨመርኩት፦ ድራም፣ ጀማል ይመር። ከዚያ የቀሩትን ሰባት ዘፈኖች አንድ በአንድ ከፈትኩ፤ ለየባንዱም ደወልኩ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ያልነገራችሁኝ ሰው አለ?