ሁሩሙ ላይ የጻፍኩት እርማት

ከአዲስ አበባ ወደ ኢሉባቦር የተነሳሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ጋሼ ታደሰ ሁሩሙ ላይ ፊዚክስ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እኔ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮንፎርማል ፊልድ ቲዎሪ አስተምራለሁ፤ መጠን እንደ ቦታው ሲለጠጥና ሲጠብ ማዕዘን ግን ሳይነካ የሚቀርበት ጥናት ነው። አንድ በዓል ላይ ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ በሁለት ቃል ነገርኳቸው። ጡረታ ላይ ናቸውና አስበውበት ኖሯል፤ ካሬዎቹ የተለያየ መጠን ያላቸው፣ መስመሮቹ ግን ሁሉም ቦታ በቀጤ ማዕዘን የሚቋረጡበት መረብ በደብተር ስለው ላኩልኝ። እኔ ችኩሉ ገረፍ አድርጌ አየሁና በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩበት። “መጠን ከቦታ ቦታ አይለያይም” ብዬም ጽፌ ደብተሩን መለስኩላቸው።

ከዓመታት በኋላ፣ ባለፈው ወር፣ ያንኑ መረብ ለተማሪዎቼ ስስል የጋሼ ልክ እንደነበረ ገባኝ።

በደሌ አደርኩ። በማግስቱ የያዮን ጫካ አልፈን የአውቶቡሱ ረዳት “ሁሩሙ ወራጅ!” ሲል አልወረድኩም። አፍሬ መቱ ድረስ ሄድኩ። ፉል በልቼ ዝናቡ እስኪያባራ ልጠብቅ አልኩ፤ መቱ ላይ ይህ የተሳካለት ሰው አላውቅም። በመጨረሻ እየዘነበ በሚኒባስ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ጋሼን በረንዳቸው ላይ ቀፎ ሲጠግኑ አገኘኋቸው።

“አካም ጅርታ፣ ተማሪዬ! ምነው ጠፋህ?”

“ጋሼ፣ ያ መረብዎ ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።”

ቀፎውን አስቀመጡ። “ስሙን ኤግዱ ኮፋ ብዬው ነበር፤ የማዕዘን ዘበኛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለማስጠናቸው ልጆችም አስረድቼ ነበር። ያንተ መልስ ሲመጣ ተሳስቻለሁ፣ ሰርዙት አልኳቸው። የተማረ ሰው ነው ብዬ አምኜህ።”

“ደብተሩስ?”

“ሰም ልትገዛኝ ለመጣች ነጋዴ ሰጠኋት። ሰሟን ጠቅልላበት ሄደች።”

ቢያንስ ደብተሩን ይዤ፣ በስማቸው ለተማሪዎቼ አሳያለሁ ብዬ ነበር።

በእሳቸው ክፍል የተሳሳተ ሰው ከቀዩ ምልክት ሥር እርማት ጽፎ ካላስፈረመ ወደሚቀጥለው ትምህርት አያልፍም ነበር።

“እርማትህስ?” አሉኝ።

ወረቀት አውጥቼ መረቡን እንዳስታወስኩት ሳልኩ። ከሥሩ “እርማት፦ መጠን ይለያያል፤ ማዕዘን ይጠበቃል” ብዬ ጻፍኩ። ቀስ ብለው አነበቡና ፈረሙ።

“ከምን ሥር ልትለጥፈው ነው?” አሉ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

አዲስ አበባ ስመለስ ቢሮዬ ውስጥ ሰቀልኩት። አሁን የተማሪ ደብተር ሁለቴ ሳላነብ ቀይ እስክሪብቶ አላነሳም። የሚገቡት ሁሉ የምን እርማት ነው ይሉኛል። ስህተቱ የእኔ ነው እላለሁ፤ ልኩ ግን ሰም ተጠቅልሎበት ሄዷል።