የላም ሆድ ያልኩት ጉድጓድ

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

የቡሬው ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜ በቦርሳዬ የያዝኩትን አዲስ ቱቦና ምድጃ ደጋግሜ ነካካሁ። ከስምንት ዓመት በፊት፣ የወረዳ ባለሙያ ሳለሁ፣ ቡሬ አጠገብ ለእትየ የሻረግ የባዮጋዝ ጉድጓድ ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። እበት ይገባል፣ ታፍኖ ይብላላል፣ ጋዙ በቱቦ ማድቤት ይደርሳል። ፍኖተ ሰላም የምታስተምረው ልጃቸው ሙሉ ግን ጋዙ እንደጠፋ ሰሞኑን ነገረችኝ። «እማዬ ወደ ጭሱ ተመልሳለች። ግራ ዓይኗ ጠፍቷል። ሐኪሙ ከጭስ ካልራቀች ቀኙም ይከተላል ብሏል።» ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ እንደተከፈተ ተነሳሁ።

ሦስት ሰዓት፣ ቡሬ

ከበርበሬ ጆንያ ጋር ተጣብቄ እያስነጠስኩ ደረስኩ። ባጃጁ ድሮ ባሕር ዳር ያደርስ የነበረውን ሂሳብ አስከፍሎ ወስዶኝ፣ ጭቃው ሲብስበት አውርዶኝ ተመለሰ። የቀረውን በበቆሎ ማሳ መሐል በእግሬ ሄድኩ።

እትየ የሻረግ በድምፄ ለዩኝ። ቱቦው ተደፍኖ ይሆናል ብዬ ነበር። የጉድጓዱን አፍ ስከፍት ግን የኮመጠጠ የአተላ ሽታ ፊቴን መታኝ።

«እትየ፣ አተላ ጨምረውበታል?»

«አዎ፣ አረቄ ባወጣሁ ቁጥር። የላም ሆድ ነው ብለኸን የለም? በሬ የሚያሰባ አተላ ይህንንም ያሰባልኛል ብየ፣ ከበሬየ አፍ ነጥቄ ሰጠሁት።»

በስልጠናው ቀን የላም ሆድ ነው ስል ሰው ሁሉ ሳቀልኝ፣ ንግግሬም አማረልኝ። ኮምጣጣ ሲበዛበት እበቱን ጋዝ የሚያደርጉት ረቂቅ ተሕዋስያን እንደሚሞቱ ግን አልተናገርኩም።

ማዳኛው ጉድጓዱን ጠርጎ በብዙ ከብት ትኩስ እበት መሙላት ነው። እትየ በሬውንም ሸጠው ዛሬ የቀረቻቸው አንዲት ጊደር ናት። ጎረቤታቸውን ለመንኩ።

«ማዳበሪያ በጠፋበት ዘመን እበት ማን ይሰጣል ጋሼ? ማሳየስ ምን ይብላ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ተስፋ ቆረጥኩ።

እትየ እጄን ያዙ። «ይቅር በለኝ ልጀ፣ አደራህን ገደልሁት።»

«የገደልኩትስ እኔ ነኝ» አልኳቸው። አላመኑኝም። ልሂድ ብል «ጦምህን ልሸኝህ?» ብለው ተቆጡና ድንች ወጥ ሊሠሩልኝ ወደ ጭሱ ገቡ። እኔም ተቀምጬ በላሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሆድ ነው ብዬ አስተምሬ፣ ሆድ እንደሚታመም ሳልናገር መሄዴን ነው። ሙሉ መናኸሪያው በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ቦርሳዬ እንደሞላ መመለሱን አየች፣ ስለ ጋዙም አልጠየቀችኝም።

«ምሳ በልተዋል?» አለችኝ።

«በልቻለሁ።»

«እማዬ ናት የሠራችልዎት?»