ከፍርግርጉ ጀርባ የቀረ ካርቶን

ዴልፋ ባሏ ሃርላን በሕይወት ሳለ ፒካፑን ነዳች የሚባልላት ሴት አልነበረችም። መቀመጫዋ በቀኝ በኩል ነው፤ ሥራዋም አንድ፣ የመለኪያዋን መርፌ ማንበብ። ሃርላን የሩቅ ሚዳቋ አይቶ ወንድ ነው ሴት ናት ብሎ የሚለይ ሰው፣ አፍንጫው ሥር ያለ ቁጥር አይታየውም። መነጽር አድርግ ሲሉት "ሚስት እያለችኝ?" ይላል። ስለዚህ የካምቢዮውን ዘይት ሙቀት በፋራናይት የሚያሳይ መለኪያ ገዝቶ፣ እሷ እንድታየው ዳሽቦርዱ መሃል አስተከለው።

ከብት ጭነው ዳገት ሲወጡ "ዴልፍ፣ ምን ትላለች?" ይላታል።

"መቶ ዘጠና።"

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "አሁንስ?"

"ሁለት መቶ አምስት።"

ያኔ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ወደ ከባድ ማርሽ ያወርዳል። "ሞተር ሲያመው ይጮሃል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን እንደ ኩሩ ሰው ነው፣ ውስጡ እያረረ ዝም ይላል" ይል ነበር። ሌላው ባልና ሚስት መንገድ ላይ ምን እንደሚያወራ እንጃ። እነሱ በዚያች መርፌ ነው የተነጋገሩት።

ሃርላን ጥር ላይ ሞተ። በግንቦት፣ የዋዮሚንግ ሜዳ ከበረዶ ወጥቶ ሣሩ ብቅ ሲል፣ ታንሲ የምትባለው ባዝራ ሆዷን ታመመች። ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ ጎኗን ዞራ ታያለች። እናቷ ሞታባት ሃርላን በጡጦ ያሳደጋት ናት። የአካባቢው የእንስሳት ሐኪም ጡረታ ወጥቷል፤ ሌላው ያለው ከዊሎው ጋፕ ዳገት ማዶ ነው። እሱም በስልክ "ዛሬውኑ ካላመጣሻት አትተርፍም" አላት።

ዴልፋ ተሳቢውን ቀጥላ ባዝራዋን ስትጭን ዋርሳዋ ሜርል፣ የሃርላን ታናሽ ወንድም፣ በክራንች እያነከሰ ደረሰ። በሬ ረግጦት ቀኝ እግሩ በጀሶ ታስሯል።

"እኔ እንዳልነዳልሽ ይኸው እግሬን ታያለሽ" አላት።

"አንተ ብትነዳማ ሐኪም የሚያስፈልገው ለእኔ ነበር። ይልቅ ግባና መርፌዋን አንብብልኝ።"

"ለራስሽ አይታይሽም እንዴ?"

"ይታየኛል። ግን አንብብልኝ።"

ሜርል ክራንቹን ወደ ውስጥ ወርውሮ ገባ።

ዳገቱን እንደጀመሩ መርፌዋ መቶ ዘጠና ላይ ነበረች። ግማሹ ላይ ሳይደርሱ "ሁለት መቶ ሃያ" አለ። ዴልፋ ማርሽ አወረደች፣ ፍጥነቷን ቀነሰች። "ሁለት መቶ ሠላሳ። ኧረ ዴልፋ፣ ይቺ ነገር ወደ ቀዩ እየሄደች ነው!" ከኋላ ታንሲ ተሳቢው ውስጥ ትራገጣለች። ካምቢዮው እዚህ ዳገት ላይ ከተቃጠለ ባዝራዋም እዚሁ ቀረች ማለት ነው። ዴልፋ ጠጠሩ ላይ ወጥታ ቆመች።

"አጥፊው፣ አጥፊው! ይቀዝቅዝ!"

"ካጠፋሁትማ ዘይቱ ባለበት ይንተከተካል። መዞር አለበት፤ ነፋስ የሚያገኘው ፊት ባለው ማቀዝቀዣ ሲያልፍ ነው።" ማርሹን ፎሌ አድርጋ፣ የእጅ ፍሬን ይዛ፣ ለስለስ ያለ ነዳጅ ሰጠች። ሃርላን ሲያደርግ ያየችው ነው። "ምን ትላለች?"

"ንቅንቅ አላለች።"

ጠበቁ። መርፌዋ ያው ናት። ውጭ ሰው የሚጥል ነፋስ ይነፍሳል። ይህ ሁሉ ነፋስ እያለ እንዴት አይበርድም? ዴልፋ አሰበችና ወደ ዋርሳዋ ዞረች።

"የብርዱን ሸራ አንሥተሃል አይደል?"

በዚያ አገር ብርዱ ሲበረታ የናፍጣ ሞተር አልሞቅ ስለሚል፣ ሁሉም ሰው የፒካፑን አፍንጫ ሸራ ያለብሳል፤ በረዶው ሲያልፍ ያወልቃል።

"በገዛ እጄ ነው ያወለቅኩት! ልታመሰግኚኝ ነው ስል ጭራሽ ትጠረጥሪኛለሽ?"

ወርዳ በፒካፑ የፊት ፍርግርግ አጮልቃ አየች። ከውስጥ፣ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈ ካርቶን አለ። ያን ጊዜ ትዝ አላት። ሃርላን "ሸራው ካፖርት ነው፣ ካናቴራም ያስፈልጋል" እያለ ከሸራው ሥር ካርቶን ይጨምር ነበር። ራሱ ያስገባዋል፣ ራሱ ያወጣዋል፣ ለማንም አይናገርም። ካርቶኑ የኮክ ፍሬ የመጣበት ነው። ኮኩን እሷው ናት ቀቅላ በጠርሙስ ያሸገችው።

ካርቶኑ ከፍርግርጉ ጋር ድርቆሽ በሚታሰርበት ሲባጎ ታስሯል፤ ቋጠሮውም የሃርላን ነው። አንዱን ጫፍ ሲስቡት በአንዴ የሚፈታ ዓይነት። ስንት ጊዜ አሳይቷት ነበር፤ እሷ ግን የምታየው እጆቹን ነበር እንጂ ቋጠሮውን አልነበረም።

ሜርል በአንድ እግሩ እየዘለለ መጥቶ ሴንጢውን ዘረጋላት። "ቁረጪው።"

"ቆይ፣ ልፍታው።"

"ዴልፋ፣ እንዲያው…"

"ቆይ አልኩህ! እሱ ያሰረው ነው።"

አንዱን ጫፍ ሳበች፣ ጠበቀ። ሌላውን ሳበች፣ ባሰበት። ከኋላ አንድ ከባድ ነገር ዱብ አለና ተሳቢው ተንቀጠቀጠ። ታንሲ ወድቃ ነው። ዴልፋ ሴንጢውን ተቀበለችና ከቋጠሮው ራቅ አድርጋ ቆረጠች። ካርቶኑን ስትመዝዘው ነፋሱ ከእጇ ነጥቆ ገደል ሰደደው።

"ምን ትላለች?" አለች ገብታ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

"ሁለት መቶ ሃያ… አሥር… ወረደች! ወረደች ስልሽ!"

የቀረውን ዳገት በከባድ ማርሽ፣ በኤሊ እርምጃ ወጡት። ሐኪሙ ጋ ሲደርሱ ታንሲ እንደምንም ተነሥታ ቆመች። ሐኪሙ በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብቶ ዘይት አጠጣት፣ መርፌም ወጋት። አመሻሽ ላይ ባዝራዋ ጅራቷን አነሣችና ፋንድያዋን ጣለች፤ አንጀቷ ተከፈተ ማለት ነው። ሜርል ባርኔጣውን አወለቀ።

"እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም" አለ። ዴልፋ ከቀብሩ ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

ብርዱ ሲመለስ ሜርል ሸራና አዲስ ካርቶን ይዞ መጣ። "ካናቴራውን የት ልሰረው?"

"ከውጭ፣ የሚታየኝ ቦታ።"

"ካናቴራ ከካፖርት በላይ? ሃርላን ቢያይ ይስቅብሻል።"

"ይሳቅ" አለች።

የተቆረጠው ሲባጎ ቋጠሮው እንዳለ ከመለኪያው ሥር ተንጠልጥሏል። ዳገት ላይ ብቻዋን ስትሆን ጮክ ብላ "ሁለት መቶ አምስት" ትላለች፤ ነዳጁንም ቀነስ ታደርጋለች።