የአትክልቱን ቦታ ላነሳ ነው ያልኩ ጊዜ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ዲላ ከተማ ነው። ያኔ የሃያ አራት ዓመት የክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ። ዛሬ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ መነጽሬን የምፈልግ ሰው ሆኛለሁ፤ ይቺን ግን አልረሳኋትም። በአንዲት ጎዶሎ ንግግር የስንት ሰው ልፋት ላስነቅል ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት ሸዋ ነው። ዲላ ስመደብ ጌዴኦኛ አንድ ቃል አላውቅም፤ ለመማርም አልቸኮልኩም። ክሊኒክ የሚመጣው ሰው ሁሉ በአማርኛ ስለሚያናግረኝ ያልኩት ሁሉ የሚገባው ይመስለኝ ነበር።

ወደ ክሊኒኩ የምወርድበት መንገድ ዳር አንድ የጋራ አትክልት ቦታ ነበር። መሬቱ የባለርስት ነው፤ የሚያለሙት ግን የአንድ እድር አባላት የሆኑ ጭሰኞች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው እንሰት፣ ጎመንና ጎደሬ ይንከባከባሉ። የሚገኘው ለአራስ፣ ለታመመና ሐዘን ለገባበት ቤት ይከፋፈላል። የእድሩ ዳኛ አቶ በራሶ ይባሉ ነበር፤ አማርኛቸው ሲቸኩሉ ሴቱንም ወንድ ያደርጋል። ሳራ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ሦስት ልጆቿን የምትመግበው በአብዛኛው ከዚያው በሚደርሳት ነው።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን አገሩን ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ አሮጌ ካሜራ ከነባለሦስት እግር ማቆሚያው ገዝቼ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሎኛል። ያንን አትክልት ቦታ በበጋ፣ በዝናብና በቡና ለቀማ ወራት ከአንድ ቦታ ሆኜ ፎቶ ላነሳው አሰብኩ። ሲለዋወጥ ጎን ለጎን ማየት አማረኝ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ካሜራዬን ተሸክሜ ሄድኩና አቶ በራሶን አስፈቀድኩ።

“ቦታችሁን ላነሳ ነው” አልኳቸው። “አሁን አንዴ፣ ዝናብ ሲገባ አንዴ፣ ቡና ሲለቀም ደግሞ የመጨረሻውን አነሳና እጨርሳለሁ።”

ካሜራው ትከሻዬ ላይ ስለሆነ “ፎቶ” የምትለዋን ቃል መጨመር ትርፍ መስሎኝ ነበር።

አትክልቱን በዓይናቸው ቃኙና “ሁሉንም?” አሉኝ።

“ሁሉንም። ከዳር እስከ ዳር።”

“እሺ፣ ጌታዬ” አሉ። እስከዚያ ቀን “ዶክተር” ነበር የሚሉኝ። “ጌታዬ” ስባል ሹመት የጨመሩልኝ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ማቆሚያውን ዘርግቼ አነሳሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ቦታው እንዳይጠፋኝ ብዬም የቆምኩበት ላይ ችካል ተከልኩ። እንዲታየኝ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩበት። እንግዲህ ጅልነት እንዲህ ነው።

ዝናቡ ሲገባ ተመለስኩ። ጎመኑ ለምልሟል፤ ሰዎቹ ግን ፊታቸውን አዞሩብኝ። ያኔ የእንሰት ችግኝ መትከያ ወቅት ነበር፤ አንድም የሚተክል ሰው አላየሁም። ሳራ ክሊኒክ ስትመጣ የምትለኝን “እንዴት አደርክ ልጄ” እንኳ አቆመች። ካሜራ አፍረው ነው ብዬ ተውኩት።

የቡና ለቀማው ወር ደረሰ። የመጨረሻውን ላነሳ እመጣለሁ ብዬ ለአቶ በራሶ የነገርኳቸው ቅዳሜ ሰማዩ ዳምኖ ስለነበር ልቅር አልቅር ስል ቆየሁና ደግነቱ ወጣሁ። ስደርስ አርባ የሚሆን ሰው ዶማ ይዞ እንሰቱን እየነቀለ ነው። ገና ሁለት ሦስት ዓመት የሚቀረው፣ ለምግብ ያልደረሰ እንሰት ከነሥሩ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሳራ እንሰት የተነቀለበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

“ምን ሆናችሁ ነው?” አልኩ።

አቶ በራሶ ዶማቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። “ዛሬ የመጨረሻውን አነሳለሁ አላልክም? አንተ ከምታነሳ እኛ እናንሳ። ባዶ መሬት ውሰድ።”

“መሬት የሚያነሳው ማን ነው?”

“አንተ። የመንግሥት ሰው አይደለህ? በሦስት እግር ለክተሃል፣ ችካል ተክለሃል። ሳራ ተው ብንለው አልቅሶ አልቅሶ ታመመ። የት ይሂድ፣ ልጅ ይዞ?”

ክው አልኩ። ለካ ባለፈው ዓመት ከወንዙ ማዶ እንዲሁ ባለሦስት እግር መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው መሬት ለክተው፣ ችካል ተክለው ሄደዋል፤ ከዚያም ጭሰኞቹ ከነቤተሰባቸው ተነስተዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። እኔ ደግሞ ልጡን ቀይ ጨርቅ አስሬ ነው ያመጣሁላቸው።

“ቆዩ፣ አንድም እንዳትነቅሉ” ብዬ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ያን ቀን የሮጥኩትን ያህል ሮጬ አላውቅም። ቀድሜ ፎቶ ቤት ያሳጠብኳቸውን ሁለቱን ፎቶዎች ይዤ እያለከለክሁ ተመለስኩ። ለአቶ በራሶ ሰጠኋቸው።

አቶ በራሶ አይተው ለሳራ አቀበሏት። ሳራ የበጋውን ፎቶ አተኩራ አየች። ጎመኑ ላይ ያጎነበሰች አንዲት ሴት ከጀርባ ትታያለች።

“ይሄ ነጠላ የኔ ነው” አለች። “ይሄ እኔ ነኝ። ያነሳኸው ይሄን ነው?”

“ይሄን ብቻ ነው። መሬቱን የማንሳት አቅምም ሐሳብም የለኝም። በእናቴ እምላለሁ።”

አቶ በራሶ በጌዴኦኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ዶማቸውን አስቀመጡ። አንዲት አሮጊት እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ከዚያ አንዱ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ወደ ሁሉም ተጋባ። እኔ ግን ሄጄ ችካሌን ነቀልኩ።

“ዶክተር” አሉኝ አቶ በራሶ። “አማርኛ ያንተ ነው። ስትናገር ጨርስ። ፎቶ በል።”

“እሺ አባቴ” አልኩ።

የተነቀለው አሥራ አንድ ነበር። እንሰት ደግሞ ከቦታ ቦታ መዛወር የለመደ ተክል ስለሆነ ቶሎ ከተመለሰ ይይዛል አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ እስከ ማታ ድረስ አብሬ ተከልኩ። ፎቶ የማንሳቱ ነገር ትዝም አላለኝ።

እውነቱን ለመናገር በጣም የሚያሳፍረኝ መሳሳቴ አይደለም። አንድ ተራ ድሬሰር መሬታቸውን እንደሚወስድ አምነው፣ ወር ከወር ጭንቀቱን በሆዳቸው ይዘው፣ አንዴ እንኳ “ለምን?” ብለው ሊጠይቁኝ አለመድፈራቸው ነው። እኔም ጌዴኦኛ መማር የጀመርኩት በሳምንቱ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ሳራ ክሊኒክ መጣች። በር ላይ ወረፋ የያዘውን ሰው አልፋ ገባችና “ከእንሰቱ ሁለት ብቻ ሞተ፤ ዘጠኙ ይዟል” አለችኝ። ታማ መስሎኝ ምን ላድርግልሽ ስላት “ይሄን ልነግርህ ነው” ብላ ወጣች።

ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩና እፎይ አልኩ። በሥራ ዘመኔ በር ላይ ለሚጠብቅ ስንቱ ቤተሰብ “ተርፏል፣ አይዟችሁ” ብያለሁ። ቃሉ ለሚሰማው ሰው ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።